የፉሪን ጥዶች ማን አስቆረጣቸው

ባለፈው ሐምሌ ጡረታ ወጣሁ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት የሠራሁት በአንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ነው። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ደመወዙ በወቅቱ ይገባል፣ ወንበሩ ወገብ ይጨርሳል። በሽኝቴ ቀን ኬክ ተቆረጠ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ ሥራ አስኪያጁ የአባቴን ስም ተሳስቶ አመሰገነኝ። ከዚያ ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ስለ እሁዱ የተራራ ጉዟቸው ጨዋታ ያዙ። ዛሬ ሁሉም ሰው ተራራ ወጪ ሆኗል፤ አውቶቡስ ይከራያሉ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ያሰፋሉ፣ እሁድ በጠዋት ይነሳሉ። ደስ ይላል፤ በዚህ አልተቆጣሁም። አንዷ ልጅ ግን ስልኳን አውጥታ ፉሪ ላይ፣ ከምንጩ በላይ ባለው ተረተር የተነሳችውን ፎቶ አሳየችኝ። ከጀርባዋ ራቁቱን የቀረ ድንጋይ ይታያል።

«እዚህ ጋ እኮ ጥድ ነበር» አልኳት።

«አዎ፣ ገበሬዎቹ ጨርሰውት ነው አሉ። ያኔ ግንዛቤ አልነበረማ።»

ይህን የነገራቸው መሪያቸው ነው። ለእሱም የነገረው ሌላ መሪ ነው፤ ለዚያም ሌላ። ወሬው መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ ግን እኔ አውቃለሁ፤ ሲወጣም ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር። ኬኩን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። ያ ተረተር የተራቆተው በገበሬ ድንቁርና አይደለም። ይህ ውሸት ሥር ሰዶ ለልጆቻችን ከመድረሱ በፊት ያየሁትን ልናገር ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

ደርግ ወድቆ የግል ሥራ በተፈቀደ ሰሞን፣ ሳር ቤት አካባቢ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ተከፈተ። እኔ ጎፋ ተወልጄ ያደግሁ፣ ታይፕ የተማርኩ ልጅ ነኝ፤ በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ደመወዜ ከታክሲና ከምሳ አልፎ ለጫማ አይተርፍም ነበር። ድርጅቱ እንደ ሌሎቹ ላሊበላና አክሱም የሚያደርስ መኪና ስላልነበረው በእግር የሚደረስበትን ያዘ፤ በየእሁዱ ከየኤምባሲውና ከየእርዳታ ድርጅቱ ፈረንጆችን እየሰበሰበ በላፍቶ በኩል ፉሪ ያወጣል፤ አንዳንዴም ራቅ አድርጎ ወጨጫ። ሰዎቹ ጠዋት ፊታቸውን ቋጥረው ይመጣሉ፣ ማታ ፀሐይ አቃጥሏቸው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ እየሳቁ ይመለሳሉ። ከከተማ ወጥቶ መመለስ ሰውን እንዴት እንደሚያድስ ያየሁት እነሱ ላይ ነው።

የሚያወጧቸው ጋሽ ይልማ ነበሩ። እኔንም ከታይፕ መኪናው ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። አንድ እሁድ የመጣው ቡድን ሁሉም ሴት ሆነና፣ ጋሽ ይልማ ሴት ልጅ አብራን ካልወጣች አልሄድም ብለው አሻፈረኝ አሉ። ተረከዝ ባለው ጫማ ወጥቼ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ በሳምንቱ ቀን ጸሐፊ፣ በእሁዱ መንገድ መሪ ሆንኩ።

ጋሽ ይልማ ከማስተማር የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ተራራ የሚወጡት ከረባት አስረው፣ ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ ከተው፣ ጃንጥላ ይዘው ነው። ትሑት ሰው አልነበሩም፤ «መምህር» ካልተባሉ ዞር አይሉም። ፉሪ የሞተ እሳተ ገሞራ መሆኑን ማስረዳት ሲጀምሩ ፈረንጆቹ በቁማቸው ያንቀላፋሉ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ሰዎቹ እኮ ደከማቸው» ብላቸው ሳምንቱን ሙሉ አኩርፈውኛል።

መንገድ አመራራቸው ግን ሌላ ነው። ከቡድኑ በጣም ቀርፋፋውን ሰው ከኋላቸው ሁለተኛ ያደርጉታል፤ ፈጣኖቹ እየተበሳጩ ከኋላ ይከተላሉ፣ ማንም ግን ወደ ኋላ አይቀርም። የገበሬ ውሻ ሲመጣ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ክልክል ነው፤ ዛሬ በድንጋይ የተባረረ ውሻ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣውን እንግዳ ይነክሳል ይላሉ፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ዝም ብሎ መቆም ነው። ክረምት ላይ የላፍቶ ጥቁር አፈር ጫማ ላይ ሲጋገር እግር ማንሳት ያቅታል፤ ከማሳው ዳር ያለው ሣር ላይ መሄድ ይቀል ነበር፣ እሳቸው ግን የከብት መኖ ነው ብለው አያስረግጡም። ፈረንጁ በቋንቋው እየተራገመ ጭቃውን ያቦካል፤ እሳቸው እንዳልሰማ ሆነው ጃንጥላቸውን እያወዛወዙ ይቀጥላሉ።

ከሁሉም የሚገርመው ደጅ ጠኚነታቸው ነበር። አንድ ግቢ ጋ ስንደርስ ገና ከሩቅ «ቤቶች!» ብለው ይጣራሉ፤ ሰው እስኪወጣ ሁላችንም እንቆማለን። ሰው ሲወጣ ስለ አዝመራው ይጠይቃሉ፣ ስለ ከብቱ፣ አሞት ስለነበረው ልጅ። ከዚያ እነዚህ እንግዶች እነማን እንደሆኑ፣ ወዴት እንደምንሄድ፣ በየት በኩል እንደምንመለስ ይናገራሉ። ስንወርድም እዚያው ቆመው «ወርደናል፣ እግዜር ይስጥልን» ሳይሉ አያልፉም። በዚህ ሁኔታ የሁለት ሰዓቱ መንገድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔም መጀመሪያ መጀመሪያ ይሰለቸኝ ነበርና፣ ለምን በየደጁ እንደሚቆሙ ጠየቅኋቸው። «ሳይናገር በሰው ደጅ የሚያልፍ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ግብር ሰብሳቢ» አሉኝ፤ «እኛ ሁለቱንም አይደለንም።»

ያኔ ጀሞ ማለት የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነው፤ ላፍቶም ከታች በኩል ጥቂት ቤቶች፣ ከላይ በኩል እርሻ ነበር። ወንዙን ተሻግረን፣ ማሳ ለማሳ ሄደን፣ ዳገቱን ስንጀምር ምንጭ አለ። ከምንጩ በላይ ነበር ጥዱ። የሐበሻ ጥድ፣ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው፤ መሐል መሐሉን ወይራና ኮሶ ገብቶበታል። ከፀሐዩ ወጥቶ እዚያ የገባ ሰው ወሬውን ያቆማል። ፈረንጆቹ መሬት ላይ ተንጋለው ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ያያሉ፤ ድንች ቅቅልና ሚጥሚጣ የምናቀርበው እዚያ ነው። እኔም በበኩሌ ብዙ ጸሎተኛ አይደለሁም፤ እዚያ ስገባ ግን ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር።

ጥዱ የኦቦ ገመቹና የጎረቤቶቻቸው ነው። ኦቦ ገመቹ ቀጭን፣ ተጫዋች፣ ከጋሽ ይልማ ጋር እኩያ ነኝ አይደለህም እያሉ ሁልጊዜ የሚከራከሩ ሽማግሌ ነበሩ። የራሳቸው ቤት የባህር ዛፍ ነው፤ ምስጥ በልቶት በክረምት ያፈሳል። በአባታቸው ጥድ ግን ምሰሶ አልቀየሩበትም። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ስንወርድ እርጎ ይዘው ይጠብቁናል፤ «ከገመቹ ቤት ጣራ ሥር አትቀመጡ፣ ውጭ ይሻላል» እያሉ ያሾፉባቸዋል። ዛሬ ግንዛቤ አልነበራቸውም የሚባሉት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ወደ ነገሬ ልምጣ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሰለሞን ይባል ነበር። በዚህ ጽሑፍ በአንቱታ የማልጠራው ንቄው ነው፤ ምክንያቱን አንባቢ ሲጨርስ ያየዋል። ይህ ሰው ለሥልጠና ተብሎ ጥቂት ሳምንት አውሮፓ ሰነበተና ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እዚያ አገር ጫካ ውስጥ ዛፉ ላይ በቀለም መስመር ይሰመራል፣ ሰው ያለ መሪ መስመሩን እያየ ብቻውን ይሄዳል፤ እኛም ፉሪን እንዲህ እናደርጋለን አለ። መሪ ካላስፈለገ በአንድ እሁድ አምስት ቡድን መልቀቅ ይቻላል። በየደጁ መቆምም ይቀራል። ቀለሙ ደግሞ ከሩቅ እንዲታይ ቀይ ይሁን አለ።

ጋሽ ይልማ በስብሰባው ላይ ብድግ አሉ። ሲናገሩ እንደ ክፍል ውስጥ ጠመኔ የያዘ እጃቸውን ያነሳሉ። ቀይ ቀለም እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በር ወጥቶ ማንንም መጠየቅ ይቻላል አሉ፤ ላፍቶ መንገድ ዳር አጥሩ ቀይ የተቀባበት ሰው ሁሉ ቤቱ ፈርሶበታል። ባለፈው መንግሥት ጊዜም ለመንደር ምሥረታ ቤት ተብሎ የገበሬው ዛፍ ቀለም ተቀብቶ፣ ተቆርጦ ተወስዶበታል። መቀባታችሁ ካልቀረ አስቀድሜ ቤት ለቤት ልናገር፣ ጥቂት ጊዜ ስጡኝ ብለው ለመኑ። እኔም እውነታቸውን ነው አልኩ። አቶ ሰለሞን ከወረዳው ፈቃድ አለን፣ ግንድ ላይ የምታርፍ ቀለም ለገበሬ ምኑ ናት ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

የማስታወቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ሁለት ቀለም ቀቢዎች ከጎፋ ቀጥሮ፣ ለኛ ሳይነግር፣ በገበያ ቀን ላካቸው። በገበያ ቀን አዋቂ የሆነ ሰው ሁሉ ገበያ ነው፤ ቀቢዎቹን ማን ናችሁ ብሎ የጠየቀ የለም፣ እነሱም ለማንም አልተናገሩም። ከሩቅ እንዲታይ ተብለው ስለታዘዙ ደግሞ የቀቡት ትልልቆቹን ብቻ ነው። አስቡት እንግዲህ። ሰው ከገበያ ሲመለስ የአባቱን ዛፎች፣ ያውም ለጣውላ የሚሆኑት እየተመረጡ፣ ቀይ ተቀብተው ያገኛቸዋል።

በዚያው እሁድ እኔና ጋሽ ይልማ ቡድን ይዘን ወጣን። ወንዙ ጋ ስንደርስ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማን። ከታች በኩል አይሱዙዎች ቆመው ግንድ ይጫናል፤ ነጋዴ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ቶሎ እንደሚሸተው እግዜር ይወቀው። ጋሽ ይልማ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በደጆቹ ሳይጣሩ አለፉ። ቀርፋፋውንም ፈጣኑንም ትተው ዳገቱን ሮጡ፣ እኔም ተከተልኳቸው። ጥዱ መሐል ገብተን ስናይ ግማሹ ተጋድሟል። ኦቦ ገመቹ ከጎረቤታቸው ጋር መጋዝ ይዘው ከአባታቸው ዛፍ ሥር ተንበርክከዋል።

«ገመቹ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አሉ ጋሽ ይልማ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው።

«ሳይወስዱብኝ እየወሰድኩ ነው» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ ቀና ሳይሉ።

ጋሽ ይልማ ቀለሙ የመንግሥት እንዳልሆነ፣ የኛው ድርጅት እንደሆነ፣ ለእንግዶች መንገድ ለማሳየት የተቀባ መሆኑን ነገሯቸው። ኦቦ ገመቹ መጋዙን ለቀቁ። ከተንበረከኩበት ሳይነሱ ቀለሙን አዩት፣ ጋሽ ይልማን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

«መንገድ የጠፋበት ማን ነው?» አሉ።

ያ ዛፍ እስከ ግማሹ ተጋዞ ስለነበር ንፋስ ሰው ላይ ሳይጥለው ብለው በማግሥቱ ራሳቸው ጣሉት። ጎረቤቶቹ ደግሞ አላመኑንም፤ ዛሬ መንገድ ነው የሚሉ ነገ መሬቱ የኛ ነው ይላሉ ብለው የቀረውን ጨረሱት። አልፈርድባቸውም። በሰው ደጅ ሳይናገር ያለፈ ማን እንደሆነ ያውቃሉ፣ ሌባ እንዳይሆን ቀለም ይዟል።

እንግዶቹ ደርሰው ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። አንዷ ሴትዮ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ እነዚህን ሰዎች ስለ ዛፍ ጥቅም የሚያስተምራቸው የለም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። «ያስተማርናቸው እኛ ነን» አልኳት፤ አልገባትም። ቆሜ ሳላስረዳት ትቻት ሄድኩ።

ሰኞ አቶ ሰለሞን ሲሰማ ይደነግጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልደነገጠም፤ እንዲያውም ያየሁት ደስታ ቢጤ ነው። የወረዳ ሰዎችና ጥቂት ፈረንጆች በተገኙበት ቆሞ፣ ገበሬው ከግንዛቤ ማነስ የተነሳ የተፈጥሮ ሀብቱን በገዛ እጁ እንዳወደመ፣ ድርጅታችንም የግንዛቤ ትምህርት ሊሰጥ እንዳሰበ ተናገረ። ያቺ ቃል የወጣችው ያን ቀን ነው። ስለ ቀለሙ ትንፍሽ አላለም። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ደግሞ ወደ ጋሽ ይልማ ዞሮ፣ እርስዎ ሰዎቹን አውቃለሁ ይሉ የለ፣ ለምን አስቀድመው አልነገሯቸውም አለ።

«ልንገራቸው ብለው የለመኑዎት እሳቸው አይደሉም እንዴ?» አልኩት።

«አንቺ ታይፕሽን ያዢ» አለኝ።

ቢሮ ውስጥ ሌሎችም ነበሩ፤ የስብሰባውን ቀን ሁሉም ያስታውሳሉ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ አንዳቸውም ቃል አልወጣቸውም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከአቶ ሰለሞን ይልቅ የእነዚያ ሰዎች ዝምታ ነው። ዳቦና ቆሎ የተካፈልን፣ በሠርግ በሐዘን የተጠራራን ሰዎች ነን።

ጋሽ ይልማ ለራሳቸው አልተከራከሩም፤ ሐሳባቸው ሁሉ ተረተሩ ላይ ነበር። ከጉቶዎቹ መሐል ችግኝ ቢተከልና ከብት ቢከለከልበት ጥዱ በልጅ ልጅ ዘመን ይመለሳል፣ ይህን ማድረግ የሚችሉት ደግሞ ሰዎቹ ብቻ ናቸው ይሉኝ ነበር። ሄደው ሽማግሌዎቹን አነጋገሩ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ሳር ነጭተው፣ እርጥቡን ሳር በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከረባታቸውን እንዳሰሩ ቆመው ይቅርታ ለመኑ። ኦቦ ገመቹ ሳሩን አልተቀበሉም።

«መምህር፣ አንተ አልበደልክም» አሉ። «ላልበደለ ሰው ይቅርታ አንሰጥም። ቀለሙን ያዘዘው ይምጣና በራሱ አፍ ይናገር። ያን ጊዜ እንተክላለን፣ መንገዱም ይከፈታል።»

ሕጉ ይኸው ነው፤ በደለኛ መጥቶ መሬት ይቀመጣል፣ ያደረገውን ይናገራል፣ ይታረቃል። ካሳ አልጠየቁም፣ መንግሥት ዘንድ አልከሰሱም። አቶ ሰለሞን መጀመሪያ ሳቀ። የእሁዱ ጉዞ መቋረጡን ሲያይ ግን እሺ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ አለ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ከመጥረቢያ በተረፈ አንድ ቀጭን ጥድ ሥር ቁርበት አንጥፈው ተቀመጡ። መሐል ላይ ለአቶ ሰለሞን ቦታ ተተወ። ጠበቅን። ፀሐዩ ከፍ አለ፣ ጥላው ከላያችን ሄደ፣ ቁርበቱን ጎትተን ጥላውን ተከተልን። ማንም ሰው አልተነጫነጨም። እኔ ከዳገቱ ሥር ያለውን መንገድ አያለሁ፤ ሰውየው ሳር ቤት ነው፣ መኪና አለው፣ መንገዱ ደረቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ኦቦ ገመቹ ወደ ጋሽ ይልማ ጠጋ አሉ።

«ታሞ ይሆን እንዴ?»

ጋሽ ይልማ ስለ አንድ ተራራ ከፍታ ከፈረንጅ ጋር ግማሽ ቀን የሚከራከሩ፣ ስህተት ሲሰሙ የማያልፉ ሰው ናቸው። ናቃችሁ ማለት ነበረባቸው። ናቃችሁ ካሉ ደግሞ ነገሩ ለዘለዓለም ተዘጋ ማለት ነው። ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መሬት መሬት አዩ።

«አዎ፣ ታሟል» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ከልባቸው አዘኑ። እግዜር ይማረው ተባለ። እኛ እዚህ ስንወቅሰው እሱ ተኝቷል አለ አንደኛው፣ ራሱን እየነቀነቀ። እስኪሻለው ነገሩ ይቆይ ብለው ተነሱ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንደቆየ ነው። አዴ ጫልቱ ወደ ጎጇቸው ገብተው በትንሽ ቅል ማር ይዘው ወጡና ለእኔ ሰጡኝ። በሞቀ ውሃ በጥብጠሽ ስጪው፣ ለደረትም ለሆድም ነው አሉኝ፤ ሚስት ከሌለው ማን ያስታምመዋል ብለውም ተጨነቁ። ጋሽ ይልማ ከፊቴ ቀድመው እስከ ላፍቶ ወረዱ። ከዚያ ቀን ወዲያ ቢሮውን አልረገጡም።

ሰኞ ጠዋት ቅሉን ይዤ ገባሁ። አቶ ሰለሞን ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቷል፤ ቅዳሜን ጭራሽ አላነሳም። ከነኦቦ ገመቹ የተላከ ነው ብዬ ፊቱ አስቀመጥኩለት። ክዳኑን አንስቶ አሸተተው፣ ጣቱን ከትቶ ቀመሰ፣ ፊቱ ፈካ።

«አየሽ፣ ቀስ እያሉ መረዳታቸው አይቀርም አላልኩሽም?» አለ። «ነጭ ማር ነው።»

«ለበሽተኛ የተላከ ነው» አልኩት።

«ማን ታመመ?» አለኝ፣ ጣቱን ደግሞ እየከተተ።